የሾፌሩ ቁጥር

አያቴ ስልክ በእጇ ሳትይዝ አለፈች። ለክፉ ቀን የምትጠራው ግን አላጣችም። ከጓሮ ወጥታ እጇን ካፏ አስጠግታ «ኡኡ!» ካለች በቂ ነበር። የሚያርሰው በሬውን ጥሎ፣ ጠላ የሚጠጣው ዋንጫውን አስቀምጦ ይሮጣል። ማዶ ያለው የሰማውን ከእሱ ማዶ ላለው ያቀብላል። ምን እንደተፈጠረ የሚጠየቀው ከተደረሰ በኋላ ነው፤ እሳት ከሆነ ውሃ፣ ሌባ ከሆነ ዱላ፣ ሕመም ከሆነ ቃሬዛ። ጩኸት ሰምቶ የቀረ ሰው ዋጋውን ያውቃል፤ እሱ ቤት ሐዘን የገባ ቀን ደጃፉ ጭር ይላል። በጎጃሟ ከተማችን በመርጡለ ማርያም ዙሪያ የተጻፈ የአደጋ ጊዜ ሕግ አልነበረም፤ የሚታወቀው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ የሰማ ይድረስ።

ልጅ ሳለሁ አንዲት ጎረቤታችን ሁለት ቀን አማጠች። በሦስተኛው ቀን ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በጠፍር ተወጠረና ቃሬዛ ሆነ። አራት አራት ሆነው እየተፈራረቁ ወደ ከተማ ተሸከሟት። ሴቶቹ ከኋላ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ተከተሉ። እሷ በሕይወት ደረሰች፤ ልጇ አልደረሰም። ያን ዘመን እንዲሁ አላወድሰውም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። ደራሽ ሞልቶ መድረሻው ሩቅ ነበር።

ከተማችን ውስጥ ስልክ ቤት የምንላት አንዲት ክፍል ነበረች። ስልከኛው እጀታውን ያሽከረክርና «ደብረ ማርቆስ! ደብረ ማርቆስ! መርጡለ ማርያም ነኝ!» እያለ ይጮሃል። በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው የሁሉንም ምስጢር ይሰማል፤ አንዳንዴም መልስ ያዋጣል። አንድ ማለዳ አንድ ሰው እያለከለከ ገብቶ «ታማሚ አለብኝ» ሲል፣ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ የተቀመጡት ሁሉ ብድግ ብለው አሳለፉት። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ1935 ለንደን ውስጥ ዊምፖል ጎዳና ላይ በተነሳ እሳት አምስት ሴቶች ሲሞቱ፣ እሳት አደጋ ሊጠራ የደወለው ጎረቤት ከሌሎች ደዋዮች ጋር ወረፋ ይዞ ነበር። ጉዳዩ ኮሚቴ አስቋቁሞ በ1937 ‹999› የተባለው ቁጥር ሥራ ጀመረ። የእኛ በረንዳ ያለ ኮሚቴ ነው የተነሳው።

ዛሬ ስልክ በየኪሱ ነው። ቁጥሩም በዝቷል፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991፣ ለአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939፣ ለጤና ሚኒስቴር 952፤ ኮሮና ሲመጣ ደግሞ 8335 ተጨመረ። መርጡለ ማርያምም ሆስፒታል አላት፤ ወረዳችን እነብሴ ሳር ምድርም አምቡላንስ አይቷል። የ871ዱ ቁጥር በ2008ቱ ጥናት ወደ 412 ወርዷል። ይህን የካደ ያቺን ቃሬዛ ያልተሸከመ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የክረምት ሌሊት የወንድሜን ሚስት ምጥ ያዛት። እኔም ከተሜነቴን ላሳይ ብዬ አንዱን አጭር ቁጥር መታሁ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። አንዲት ትሑት ልጅ አነሳች።

«ከየት ነው የሚደውሉት?»

«ከመርጡለ ማርያም።»

«የትኛዋ ማርያም ጋር? ክፍለ ከተማዎን ይንገሩኝ።»

«ጎጃም ነን እኮ፣ እህቴ! መርጡለ ማርያም ከተማ ናት።»

«እሺ፣ መስመር ላይ ይጠብቁኝ» ብላ ሙዚቃ ለቀቀችልኝ። ጓዳ ውስጥ ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፤ እኔም ደጅ ቆሜ በስልክ ማርያም ማርያም እላለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ወጥተው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን ትጃጃላለህ? ለሾፌሩ አትደውልም?» ቁጥሩ ከበሩ መቃን ጀርባ በከሰል ተጽፏል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለየቤቱ የሰጠችው ነው። ሾፌሩ ወዲያው አነሳ። ክፍለ ከተማ አልጠየቀኝም፤ «የማን ቤት?» አለ። የአባቴን ስም ነገርኩት። «አወቅሁት፤ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ። ጭቃው መኪና አያስገባም፤ እስከ መንገዱ አውጧት።»

እስከ መንገዱ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው አስፈለገን። ኡኡ ማለት አሳፈረንና ለየጎረቤቱ ደወልን። ሦስቱ አላነሱም። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቁ፤ ስልካቸው ሳይለንት ላይ ነበር። በአያቴ ዘመን ጆሮ ሳይለንት ላይ አይደረግም ነበር። እንደምንም አራት ሰው ተገኘ፤ ልጅቷም ሆስፒታል ተወለደች። ዛሬ ሮጣ አትጠግብም።

ሕግስ የለም ወይ? አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ትቶ የሄደን ይቀጣል፤ የአያቴን አንቀጽ በወረቀት አሰፈረው ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ደግሞ የስልክ ቁጥሮችን የማስተዳደር ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ቆሟል። አሜሪካኖች እንደ ፈረንጆቹ በ1968 ‹911›ን ከጀመሩ በኋላ ስልክ ከግድግዳ ወርዶ ኪስ ሲገባ፣ ሕጋቸውን ደጋግመው አሻሽለዋል፤ ደዋዩ መናገር ቢያቅተው እንኳ ያለበት ቦታ እንዲታወቅ። የእኛም ሕግ አውጪ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ሲያሻሽል የምለምነው ብዙ አይደለም። ሕፃን የሚይዘው አንድ ቁጥር ይሁን። በየትኛውም ሲም ካርድ ይሥራ። የሚያነሳው ሰው ወፍጮ ቤቱን የሚያውቅ፣ ባያውቅ እንኳ ከሚያውቀው ጋር ወዲያው የሚያገናኝ ይሁን። የአምቡላንሱም ቁጥር የአምቡላንሱ ይሁን፤ አሁን የሚደወለው በአንድ ሰው የግል ስልክ ነው። ባትሪው ካለቀ ወረዳው አምቡላንስ የለውም ማለት ነው።

ያ ሾፌር ዘንድሮ ሥራ ቀይሯል። ቁጥሩ ግን እስካሁን ከመቃኑ ጀርባ አልጠፋም። ሰው ይደውልለታል፤ ያነሳል፤ የአዲሱን ሾፌር ቁጥር ይነግራል። ሌሊትም ቢሆን።