ፍቅር ሐይቅ፣ አመሻሽ ላይ

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ። አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጎን ተቀምጠዋል። ወሬ የለም። ሻካራ መዳፋቸው የሴትየዋን እጅ ሸፍኖታል፤ አውራ ጣታቸው ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ አጠገባቸው ይንጎራደዳል።

ነገሩ ተራ ይመስላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ኮዋንና ባልደረቦቹ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ 16 ባለትዳር ሴቶችን የአንጎል ምስል ማንሻ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ኤሌክትሪክ ቁርጭምጭሚታቸውን ሊነዝራቸው እንደሚችል አስጠነቀቋቸው። የባላቸውን እጅ ሲይዙ የአንጎላቸው የስጋት ምላሽ ረገበ። የማያውቁት ሰው እጅም ረድቷል፤ የባልን ያህል ግን አይደለም። ትዳራቸው የሰመረላቸው ላይማ እርጋታው በረታ።

እዚህ እጅ መያያዝ የባልና ሚስት ብቻ አይደለም፤ ወንድ ጓደኛሞችም እጅ ለእጅ ተያይዘው ይንሸራሸራሉ፤ ግር የሚለው እንግዳውን ነው።

ነፋስ መጣ። ሴትየዋ በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤ ሌላውን አላስለቀቁም።