ሐዲዱ ለምን ጠመዘዘ?

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በቆላው ያለፈው ተራራው አላስወጣ ብሎት መሆኑን፣ ከተማችንም በዚሁ ሰበብ መቆርቆሯን ከእሳቸው አፍ ሰምቻለሁ። ታዲያ በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ገጠር ኒው ፊላደልፊያ የምትባል መንደር ባቡሩ ዞሯት ስላለፈ ጠፋች ሲሉኝ፣ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ተራራው የት ነው?» ብዬ ነው። ካርታ ላይ አጣሁት። ሄጄ በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።

የመንደሯ ቆርቋሪ ፍራንክ ማክዎርተር በ1777 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ከባሪያ እናት ተወለደ። ኬንታኪ ሳለ ከጌታው ሥራ በተረፈችው ሰዓት ለባሩድ መሥሪያ የሚሆን ጨው እያነጠረ ይሸጥ ነበር። በ1817 ባጠራቀመው 800 ዶላር መጀመሪያ ነፃ ያወጣው ራሱን አይደለም፤ ሚስቱን ሉሲን ነው። ሉሲ ነፍሰ ጡር ነበረች። የዚያን ጊዜ ሕግ ልጅን የሚቆጥረው በእናቱ ስለነበር፣ እሷ ነፃ ከወጣች የሚወለደውም ነፃ ነው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ለራሱ ሌላ 800 ዶላር የከፈለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በ1836 ኢሊኖይ፣ ፓይክ ካውንቲ ውስጥ 42 ኤከር መሬት በ144 ቦታ ሸንሽኖ በሕግ አስመዘገበ። በአሜሪካ ከተማ ነድፎ በማስመዝገብ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። ቦታ በሸጠ ቁጥር ገንዘቡ በባርነት የቀሩትን ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን መግዣ ሆነ፤ ራሱን ጨምሮ 16 የቤተሰቡን አባላት ነፃ አወጣ። ይህን ሁሉ ያደረገው ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ሰው በገበያ በሚሸጥበት በሐኒባል ከተማ አፍንጫ ሥር ነው። በ1865 በመንደሯ ጥቁርና ነጭ ጎረቤት ሆነው 160 ያህል ሰው ይኖር ነበር።

ባሪ ከምትባለው ከተማ በስተምሥራቅ ነድቼ ደረስሁ። ሣር ነው። በንድፉ ላይ የብሮድዌይ ስፋት 80 ጫማ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ለካሁት። ሁለት ጋሪ ተላልፎ፣ ሦስተኛው መሐል መንገድ ላይ ዞሮ ይመለስበታል። ፍራንክ የነደፈው ለሚያድግ ከተማ ነበር። ዙሪያውን ቃኘሁ፤ ዝቅ ከፍ የሚል የእርሻ አገር ነው እንጂ ባቡር የሚያቆም አንዳች ነገር የለውም።

በ1869 ከሐኒባል ወደ ኔፕልስ የተዘረጋው መስመር ግን መንደሯን በሰሜን በኩል አንድ ማይል ያህል ርቆ አለፈ። ቦታውን የቆፈሩት አርኪዮሎጂስት ክሪስቶፈር ፌነል የመሬቱ አቀማመጥ ብቻውን ይህን ጥምዝ እንደማያስረዳ፣ ዘረኝነት እጁ እንዳለበት ይከራከራሉ። በዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ እኔም ከእሳቸው ጋር ተስማማሁ። ሐረርን ያስቀረው ተራራ ነው፤ እዚህ ያለው የሰው እጅ ነው።

ጣቢያ የደረሳቸው ባሪና ቤይሊስ ዛሬም አሉ። የኒው ፊላደልፊያ ነዋሪ እየለቀቀ ሄደ፤ በ1885 የከተማው አብዛኛው ክፍል በሕግ ተሰርዞ ወደ እርሻነት ተመለሰ። በ2022 ታኅሣሥ መንግሥት ቦታውን ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ አደረገው።

አሁን የቀረኝ ፒትስፊልድ ነው። የካውንቲው መቀመጫ እዚያ ስለሆነ የመሬት መዝገቡን የምጠይቀው ከዚያው ነው፤ ለሐዲዱ የተሸጠውን እያንዳንዱን ቁራሽ መሬት ማን ለማን እንደሸጠው ማየት እፈልጋለሁ።