መቀሌና ትንንሾቹ ወታደሮች

አገር ለማየት የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ዓይኑ አንድ አይደለም። ነጋዴ የሄደ እንደ ሆነ አስቀድሞ ገበያውን ይመለከታል፤ ገበሬ የሄደ እንደ ሆነ አፈሩንና ዝናሙን ይመረምራል፤ ካህን የሄደ እንደ ሆነ ደብሩን ይጠይቃል። እኛ ወደ መቀሌ የሄድነው ግን ትንንሽ የወታደር ምስል እየገጠሙ፥ ቀለምም እየቀቡ የዕረፍት ጊዜያቸውን ከሚያሳልፉት ሰዎች ወገን ሆነን ነውና፤ ከተማይቱን ያየናት በዚሁ ሥራ ዓይን ነው። ያየነውም ነገር ልጆች ላሉባቸው ቤቶች የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፤ ለተወደዱት አንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ሥራው ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው ጥቂት መግለጽ ይገባል። በአውሮፓ የወታደር ምስል ከቆርቆሮና ከእርሳስ ሠርቶ ለልጆች መስጠት የቆየ ልማድ ነው። በእንግሊዝ አገር የብሪቴን ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. ውስጡ ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደር የሚወጣበትን ዘዴ ስላገኘ፤ ዕቃው ቀላልና ርካሽ ሆኖ በየቤቱ ገባ። ነገር ግን እርሳስ ለሕፃናት ጤና የማይስማማ በመሆኑ፤ ይኸው ቤት በ1966 የእርሳሱን ሥራ ተወ፤ በስፍራውም ፕላስቲክ ተተካ። ኤርፊክስ የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ደግሞ ቀደም ብሎ በ1959 የቤተ መንግሥት ዘበኛ ሙዚቀኞችን ምስል፥ ቁመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል አድርጎ፥ በትንሽ ሣጥን አወጣ። በፈረንሳይ ሂስቶሬክስ የናፖሌዎንን ሠራዊት፥ በጃፓንም ታሚያ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ወታደሮች እያከታተሉ አወጡ።

ከእነዚህ ምስሎች ብዙዎቹ ተገጣጣሚ ናቸው። ሣጥኑ ሲከፈት ራስ፥ ክንድ፥ እግር፥ ጠመንጃና ኮረጆ ለየብቻቸው ሆነው በአንድ ቀጭን ዘንግ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለው ይገኛሉ። ሠራተኛው እያንዳንዱን ብልት በስለት ይቈርጣል፤ ጠርዙን በሞረድ ያለሰልሳል፤ ከዚያም በኋላ ይገጥመዋል። ማጣበቂያው የፕላስቲኩን ፊት ጥቂት ስለሚያቀልጠው፤ ሁለቱ ብልቶች እንደ ተበየደ ብረት አንድ ይሆናሉ። በመጨረሻ ቀለሙ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል። ዛሬ አምሳና ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሣጥኖች በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ይፈለጋሉ። በመካከላቸውም የማያልቅ ክርክር አለ፤ እኩሌቶቹ ሣጥኑ ሳይከፈት ቢቀመጥ ዋጋው ይጠበቃል ሲሉ፤ እኩሌቶቹ ደግሞ ያልተገጠመ ወታደር እንዳልተነበበ መጽሐፍ ነው ብለው ይመልሱላቸዋል።

ታዲያ በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ የእኛ ሰው ይገኛልን? ጥቂት ይገኛል። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ሰሞን፥ ወሬው በዓለም ሁሉ ስለ ተሰማ፥ የብሪቴን ቤት የንጉሠ ነገሥቱን የክብር ዘበኞችና የኢትዮጵያን ጦረኞች ምስል በእርሳስ አውጥቶ ሸጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመጣው በፕላስቲኩ ዘመን ግን የናፖሌዎን ፈረሰኛ የሚገኘውን ያህል የዐድዋ ዘማች አይገኝም። ስለዚህ የአባቶቹን ሠራዊት በጠረጴዛው ላይ ማቆም የሚፈልግ ሰው ከአንዱ ሣጥን ራስ፥ ከሌላው ክንድ እየወሰደ፥ የጎደለውንም በእጁ እየቀረጸ፥ ራሱ ይሠራዋል። ሸማውን ከስስ ወረቀት ይቈርጥና፥ በውኃ በቀጠነ ኮላ ነክሮ፥ በምስሉ ትከሻ ላይ ያጣፋዋል፤ ሲደርቅም እጥፋቱ እንደ እውነተኛ ኩታ ሆኖ ይቀራል።

እንዲህ ላለው ሠራተኛ መቀሌ ከመጽሐፍ የበለጠች አስተማሪ ናት። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 783 ኪሎ ሜትር ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቀመጠች ናት። በአየር የመጣ መንገደኛ በራስ አሉላ አባ ነጋ ስም በሚጠራው የአውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል። መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ድንጋይዋ ነው። አሮጌዎቹ ቤቶች ከኖራ ድንጋይ የተሠሩ ሆነው፥ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ቢጫ፥ ስትጠልቅም ወደ ማር ቀለም ይለወጣሉ። በስተ ምሥራቅ በኩል ቁልቁል ወደ አፋር በረሓ የሚወርደው መንገድ፥ የጨው ነጋዴዎች ግመላቸውን እየነዱ አሞሌ ያመላለሱበት ጥንታዊ መንገድ ነው።

በመካከሏ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቤተ መንግሥት ቆሟል። በ1870ዎቹ ዓመታት ያሠሩት ጃኮሞ ናሬቲ በሚባል ኢጣልያዊ አናጢ እጅ ነው። በኋላም ቤተ መዘክር እንዲሆን ተደርጓል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የዚያው የናሬቲ አገር ሠራዊት በዚህችው ከተማ ኮረብታ ላይ ምሽግ መሥራቱን ስናስብ፥ የሰው ልጅ እጅ ለሁለቱም ሥራ፥ ለማነፅም ለማፍረስም፥ የተዘጋጀ መሆኑ ይታወቀናል።

ምሽጉ የነበረበት ኮረብታ እንዳ ኢየሱስ ይባላል፤ ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሚገኘው በዚሁ ስፍራ ነው። ታሪኩም እንዲህ ነው። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በአምባላጌ ድል ሆኖ አዛዡ ሻለቃ ቶዜሊ በሞተ ጊዜ፥ የተረፈው ወደ ሰሜን ሲሸሽ፥ ሻለቃ ጋልያኖ ሺህ ሦስት መቶ ያህል ሰው ይዞ በእንዳ ኢየሱስ ቀረ። ከእነዚህም የሚበልጡት ጥቁሮቹ አስካሪዎች ነበሩ። ራስ መኰንን አስቀድመው ከበቡት፤ በገና ሰሞን ደግሞ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዋናውን ሠራዊት አስከትለው ደረሱ። ወታደሩ ወደ ምሽጉ በድፍረት ተወርውሮ ብዙ ሰው ወደቀ፤ ግንቡ ግን አልተደፈረም። በዚህ ጊዜ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የእቴጌይቱ ሰዎች ጠላት የሚቀዳበትን ምንጭ ያዙ። ከዚያ ወዲያ ምሽጉን የተዋጋው ጥማት ነው። ጥር 13 ቀን ጋልያኖ ምሽጉን ለቀቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከነሰዎቹና ከነመሣሪያው እንዲሄድ ፈቀዱለት። ከአርባ ቀን በኋላ፥ የካቲት 23 ቀን፥ ይኸው ሰው በዐድዋ ሞተ።

በኮረብታው ላይ ቆመን ቁልቁል ስንመለከት፥ በቤታችን ጠረጴዛ ላይ ያልገባን አንድ ነገር ገባን። ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ በሚወዱት መጠን፥ ይኸውም እውነተኛው ከሰባ ሁለት አንድ እጅ ሆኖ በሚሠራበት ልክ፥ አንድ ሜትር ሰባ የሆነ ሰው ሁለት ሳንቲ ሜትር ከግማሽ እንኳ አይሞላም። ከምሽጉ እስከ ውኃው ሦስት መቶ ሜትር ነው ብንል፥ በዚህ መጠን ከአራት ሜትር ይበልጣል፤ ይህም ከማናቸውም የሳሎን ጠረጴዛ የሚረዝም ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ ምሽጉንና ተኳሹን ይሠራል፤ ምንጩ ግን ከጠረጴዛው ውጭ ይቀራል። ምንጩ ሲቀር ደግሞ ውኃ ቀጂዋ ትቀራለች። በወታደር ምስል ሣጥን ውስጥ መድፈኛ፥ መለከት ነፊና ባንዲራ ያዥ ሞልቷል፤ እንስራ ያዘለች ሴት ግን ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። የመቀሌው ጦርነት ግን የተፈረደው በውኃ ነው፤ የሠራዊታችንም ስንቅ የተፈጨው፥ እንጀራው የተጋገረው፥ ውኃው የተቀዳው፥ በሺህ የሚቈጠሩ ሴቶችና አሽከሮች ተከትለው ስለ ዘመቱ ነው። እነርሱን የተወ ጠረጴዛ ቀለሙ ምንም ቢያምር ታሪኩ ሐሰት ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። አስካሪው በራሱ ላይ ቀይ ታርቡሽ ደፍቶ፥ በወገቡም እንደየሻለቃው ቀለሙ የተለየ መቀነት ታጥቆ ይሠራል። ከዚህ በታች ግን እግሩን ያየን እንደ ሆነ፥ እርሱም እንደ ምኒልክ ወታደር ባዶ እግሩን ነው። የፊቱም ቀለም ከአንድ ብልቃጥ የሚቀዳ ነው። በምሽጉ ውስጥና በምሽጉ ውጭ የነበሩት ሰዎች ቋንቋ የሚግባቡ ጎረቤቶች እንደ ነበሩ፥ ብሩሹን የያዘ ሰው ከማንም አብልጦ ይረዳዋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሰማዕታት ሐውልት ሄድን። ረጅሙ ዓምድ በራሱ ላይ ድቡልቡል ቅርጽ ተሸክሞ ከሩቅ ይታያል፤ በግርጌውም የታጋዮችና የሕዝብ ምስል ተሰልፎ ቆሟል። በዚያ ስፍራ ስንቆም፥ መቀሌ ጦርነትን በመጽሐፍ ብቻ የምታውቅ ከተማ አለመሆኗ ትዝ አለን። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስከ ተፈረመ ድረስ በትግራይ የነበረው ጦርነት፥ ብዙ ነፍስ የጠፋበት፥ በመቀሌም መብራት፥ ስልክና ባንክ ተቋርጦ ሕዝቡ የተጨነቀበት ዘመን ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን በዓይኑ ላየ ልጅ የወታደር ምስል መስጠት ይገባልን?

ይህን ጥያቄ ለአንዲት የመቀሌ እናት አቀረብንላቸው። እኒህም እናት የጠመንጃ ምስል ወደ ቤታቸው እንዳይገባ መከልከላቸውን በትሕትና ነገሩን። ቀጥለውም ልጃቸው በዚያ የችግር ዘመን ቢጫ ጀሪካን ይዞ ከእርሳቸው ጋር ለውኃ ይሰለፍ እንደ ነበር፥ ኋላም ከጭቃ የሠራው ምስል ወታደር ሳይሆን የጀሪካን ሰልፍ መሆኑን አጫወቱን። የሠራቸውን አሳዩን፤ ቁመታቸው እንደ ጣት ነው፤ አንዳንዱ ቆሟል፥ አንዳንዱ በጀሪካኑ ላይ ተቀምጧል፥ አንዲቱም ሕፃን አዝላለች። እኛ ከኮረብታው ላይ ወርደን ስናወጣ ስናወርድ የነበረውን ነገር፥ ልጁ ማንም ሳያስተምረው በጭቃ ጨርሶት አገኘነው።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ተሠርቶ ያለቀ ወታደር ገዝቶ ለልጅ መስጠት መግደልን ጨዋታ ያስመስላል። ጦርነት ያየ ልጅ በግድ ወታደር ሥራ አይባልም፤ የወደደውን ይሥራ። ታሪክ ለመማር የሚወድ ልጅ ካለ ግን፥ አብሮት ተቀምጦ ምስሉን ከመጀመሪያው መሥራት ልብን ያስተውላል። እጅ በሚሠራበት ጊዜ አፍ ይጠይቃልና፤ ይህ ሰው ማን ነበር? ምን በላ? ጫማ ለምን የለውም? እናቱስ ተመልሶ አየችውን? የሚሉ ጥያቄዎች ይከተላሉ። ወላጅም የሚያውቀውን ይመልሳል።

ለዚህም ሥራ ከውጭ አገር የሚመጣ ሣጥን ግዴታ አይደለም። ቀጭን ሽቦ በሰው ቁመና አጥፎ፥ በላዩ ጭቃ ወይም በኮላ የራሰ ወረቀት መጠቅለል ይበቃል። ጋሻውን ከካርቶን ክብ አድርጎ ቈርጦ፥ በማንኪያ ጀርባ ጥቂት ማጐድጐድ ነው። ሸማ ነጭ ነው ተብሎ ንጹሕ ነጭ ቀለም አይቀባም፤ ጥቂት ቡናማ ሲቀላቀልበት የመንገድ ልብስ ይመስላል። እግሩም እስከ ቁርጭምጭሚቱ የአገሩን አፈር ቀለም ይዞ ይታይ። የአሮጌ እርሳስ ምስል ያለው ሰው ሕፃን ወደ አፉ እንዳያስገባው ከፍ አድርጎ ያስቀምጥ፤ ልጁም ከነካው እጁን ይታጠብ። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ጢሱ ራስን ስለሚያዞር መስኮት ተከፍቶ ይሠራበት፤ ስለቱንም አዋቂ ይያዘው።

የመቀሌን ከበባ በቤቱ ለመሥራት የሚያስብ ሁሉ ግን ከምሽጉ አይጀምር። አስቀድሞ ምንጩን ያድርግ፤ ከምንጩ አጠገብ እንስራዋን ያዘለችውን ሴት ያቁም፤ ከዚያ በኋላ ስንቅ የጫነውን በቅሎ፥ በመጨረሻም ባለጠመንጃውን ያምጣ። በዚህ ተራ የተሠራ ጠረጴዛ አንድ ቀን ልጁ አድጎ ስለ ጦርነት ሲነገረው ስንት ጠመንጃ ነበረ ብሎ ብቻ ሳይሆን፥ ውኃውን ማን ቀዳ፥ የጠማውስ ማን ነው ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ በየቤታችን ይብዛልን።