በእሷ ደመወዝ ቆጠብኩ

በሰፈራችን አስቤዛ አያያዝ ታውቃለች የምባል ሴት ነበርኩ። ጤፍ በኪሎ አልገዛም። ጥርና የካቲት ላይ፣ አዲሱ እህል ሲገባ፣ መርካቶ እህል በረንዳ ወርጄ በኩንታል አስጭናለሁ። በርበሬውንም ዛላውን በፈረሱላ ገዝቼ፣ አስቀንጥሼ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ በሶብላውን በልኩ አግብቼ አስፈጫለሁ እንጂ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ የተፈጨ በርበሬ ቤቴ አላስገባም። ዘይቱ በጀሪካን፣ ሽንኩርቱ በማዳበሪያ ነው የሚመጣው። ቡና ስንጠጣ ጎረቤቶቼ «አንቺ ቤት እህል የማያልቀው ምን ብታደርጊው ነው?» ይሉኛል። እኔም የማውቀውን አልደብቅም፤ የትኛው ወር ላይ እንደሚረክስ፣ የትኛው በር ላይ ሚዛን እንደማይጎድል ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብሩ ከየት እንደሚመጣ።

በጅምላ መግዛት እንደሚያዋጣ የማያውቅ ሰው የለም። አምስት ኪሎ ጤፍ የምትገዛዋ ሴት ሒሳብ ስለማታውቅ አይደለም፤ የኩንታሉን ዋጋ በአንድ ጊዜ የምታወጣበት ስለሌላት ነው። እኔም የለኝም ነበር። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ብር ወሩን ራሱ በወጉ አያደርስም። የእኔ ቤት ከጎረቤቶቼ ቤት የሚለየው በሙያ አልነበረም። የሠራተኛዬ ደመወዝ እኔ መሳቢያ ውስጥ ስለነበረ ነው።

ልጅቷ የመጣችው መስከረም 2014 ላይ ነው፤ ከምሥራቅ ጎጃም ገጠር፣ በአንዲት ዘመዷ በኩል። በወር 1,500 ብር ተስማማን። የመጀመሪያው ወር ሞልቶ ብሯን ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ይዛው ቆመች። የምታስቀምጥበት የላትም። የቀበሌ መታወቂያ ስለሌላት ባንክ ደብተር አይከፍትላትም፤ የምትተኛው ማታ ማታ በሚነጠፍ ፍራሽ ላይ ነው። «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» አልኳት። «እሺ እትዬ» ብላ መለሰችልኝ። ያን ቀን ተንኮል አልነበረኝም፤ ይህን የምለው ራሴን ለማዳን አይደለም። በደል በቅን ቃል ሊጀመር እንደሚችል እንድታውቁት ነው።

ጥር ላይ የጤፍ ወቅት ሲደርስ እጄ ላይ አልነበረኝም። መሳቢያውን ከፈትኩና የእሷን ብር ቆጠርኩ። እተካዋለሁ ብዬ ወሰድኩት። ጤፉ መጣ፣ ተበጠረ፣ ተፈጨ፤ ያበጠረችውም፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ያስፈጨችውም፣ የጋገረችውም እሷ ናት። ወር በገባ ቁጥር በደብተሬ «1,500» ብዬ በስሟ እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ በመሳቢያው ውስጥ ብር አልነበረም፤ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነበር። ለበዓል ለእናቷ 500 ብር ላኪልኝ ስትለኝ እልክላታለሁ፤ እሱንም ወዲያው እቀንሳለሁ። ደመወዝ እንድጨምርላት ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም አልጨመርኩላትም። ጎረቤት እጥፉን መክፈል ሲጀምር እንኳ፣ «ምግቧም ልብሷም እኔ ጋ ነው» እያልኩ አለፍኩት።

አላወቅሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም። የእቁብ ሰው ነኝ። እጣ በሚወጣበት እሑድ ሁላችንም ልባችን የሚመታው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ፍሪጅ ይገዛበታል፣ መጨረሻ የደረሰው በዚያው ብር ግማሹን እቃ እንኳ አያገኝም። ቀድሞ ለማግኘት ስንት ሰው እንደለመንኩ፣ እጣ ለመለዋወጥ ስንት ጊዜ እንደተማጠንኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ያቺን ልጅ ሳትመዘገብ እቁብ አስገብቻት፣ እጣውን ሁልጊዜ ለራሴ አወጣሁት፤ እሷን መጨረሻ አደረግኋት።

ዘመኑ ደግሞ ምን ዓይነት እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። በ2014 ማብቂያ የአገሪቱ የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባንክ ለቁጠባ የሚሰጠው ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ ባንክ ቢገባላትም ብሯ ሙሉ በሙሉ አይድንም ነበር። ነገር ግን የእሷ ብር ወለድ የሚባል ነገር አላየም። በመጣችበት ጊዜ ነጭ ጤፍ ኩንታሉ 5,000 ብር ገደማ ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ደመወዟ፣ 18,000 ብር፣ ያኔ ሦስት ኩንታል ተኩል ይገዛል። ስትሄድ ያው 18,000 ብር ሁለት ኩንታል አይሞላም። የጎደለው ጤፍ የት ሄደ ለሚለኝ፣ ልጆቼ በልተውታል።

በ2016 ፋሲካ ካለፈ በኋላ እናቷ ታመሙና ልትሄድ ሆነ። የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን ደብተሩን አነበብኩላት፤ 39,000 ብር። እቁቤ በዚያው ሰሞን ደርሶኝ ስለነበር ከእሱ ቆጥሬ ሰጠኋት። አንዲት ሳንቲም አላጎደልኩም፤ እንዲያውም ነጠላ ጨመርኩላት። ብሩን በጨርቅ ጠቀለለችውና ትንሽ ዝም ብላ፣ «እትዬ፣ ጊደሯን ይገዛልኝ ይሆን?» አለችኝ።

ስለ ጊደር የነገረችኝ በመጣች በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ በርበሬ ስንቀነጥስ። ለእናቷ ሁለት ጊደር መግዛት ትፈልግ ነበር። አንዷ ትወልዳለች፣ ሌላዋን ሸጠው ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሱታል። ያን ቀን ዋጋውን ጠይቃ አጥንታው ነበር። አሁን የምትጠይቀኝ ስለ አንዷ ነው፤ ያውም ልትወቅሰኝ አልነበረም። ከተማ የኖርኩ፣ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ አውቃለሁ ብላ ነው የጠየቀችኝ።

«ምን ላድርግልሽ፣ ኑሮ የተወደደው በሁላችንም ላይ ነው» አልኳት።

ከሁሉ የሚጸጽተኝ ይህ ቃል ነው። ብሯን መጠቀሜ በደል ነው፤ ይህኛው ግን ዓይኗን እያየሁ የተናገርኩት ሐሰት ነበር። ኑሮ የተወደደው በሁላችንም ላይ አልነበረም። በእኔ ላይ ሊወደድ የነበረውን እሷ ነበረች የተሸከመችልኝ። «ልክ ነው እትዬ» ብላ ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

ቤቱ ጭር ሲል ደብተሩን አውጥቼ እንደገና አየሁት። በእነዚያ ዓመታት ቆጠብኩ ብዬ የምኮራበትን ከእሷ ገጽ ጋር አስተያየሁት። የኩንታሉና የኪሎው ዋጋ ልዩነት፣ በየዓመቱ ጥር ላይ ገዝቼ ክረምት ላይ ያልከፈልኩት ጭማሪ፣ ሁሉም መነሻው የእሷ ብር ነው። ከአስቤዛ ያተረፍኩት ሌላ ቁጠባ አልነበረኝም።

የሠራተኛ ሕጉ አይጠይቀኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ጉዳዩን ለብቻው ለሚወጣ ደንብ ነው የተወው። ለቤት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝም አልነበረም። ስለዚህ የሄድኩት ንስሐ አባቴ ጋ ነው። ጾምና ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «መጀመሪያ ገንዘቧን መልሺ፣ ከዚያ ነይ» አሉኝ። መልሻለሁ፣ ሳንቲም አላጎደልኩም ብዬ ልከራከር አፌን ከፈትኩና አልቻልኩም።

ሒሳቡን በጤፍ ሠራሁት። እያንዳንዱ ዓመት ደመወዟ በዚያ ዓመት ስንት ኩንታል ይገዛ እንደነበር፣ ያ ጤፍ በሄደችበት ቀን ስንት ብር እንደሚያወጣ። ልዩነቱ ከ30,000 ብር በላይ ሆነ። በአንድ ጊዜ የምከፍለው አልነበረኝም። ጉዳዩን ስለፈራሁት አንድ ሁለት ወር አዘገየሁት፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ግን ነገሩ እንደገና ገባኝ። እኔ እያመነታሁ በሄድኩ ቁጥር የምመልስላት ብርም እየቀለለ ነው። ለባለቤቴ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ በየወሩ በወንድሟ ስልክ እንልካለን። የጤፉ ዋጋ ሲጨምር የምንልከውም አብሮ ይጨምራል።

የመጀመሪያው ሲደርሳት ደወለችልኝ። ስጦታ መስሏት አመሰገነችኝ። ስጦታ አይደለም፣ ያለብኝ ዕዳ ነው አልኳት። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ደብተሩን፣ ጤፉን፣ ያንን የዋሸኋትን ቃል ሁሉ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አውቅ ነበር እትዬ። ጤፉ ሲመጣ መሳቢያው ባዶ እንደሆነ አይቼ ነበር» አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

አሁን ጤፍ በየወሩ ነው የምገዛው፣ በ25 ኪሎ። ይወደድብኛል። እህል በረንዳ የምወርደው በራሴ ብር ስችል ብቻ ነው። ቡና ላይ ጎረቤቶቼ ምን ነካሽ ሲሉኝ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሁለቱ ዝም አሉ። እነሱም ጋ የሚጠራቀም ደመወዝ እንዳለ ያኔ ነው ያወቅኩት።

እናንተም ጋ ደመወዟን የምታጠራቅሙላት ልጅ ካለች፣ ዛሬ ማታ ቆጥራችሁ በእጇ ስጧት። መታወቂያ ከሌላት ከሥራ ፈቅዳችሁላት ለፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ አስመዝግቧት፣ ባንክ ይዛችኋት ሂዱና ደብተሩ በስሟ ይከፈት፤ ደብተሩንም እሷ ትያዘው። ከብሯ የተጠቀማችሁበት ካለ በዛሬ ዋጋ አስባችሁ መልሱላት። ጊደር ልትገዛበት አስባ ከሆነ ደግሞ፣ ጊደሯ አሁን ስንት እንደምታወጣ ጠይቁላት።