በጌም ጊታር ይለመዳል ወይ?

ና እስቲ ቅረብ ወዳጄ። አቦሉ አልቋል፣ ቶናው እየመጣ ነው፤ እስኪቀዳ አንድ ነገር ላንሳልህ። እነዚህ ልጆች ቴሌቪዥን ፊት ቆመው የሚጫወቷቸው የሙዚቃ ጌሞች እውነተኛ መሣሪያ ያስለምዳሉ? ወላጅ በተገናኘ ቁጥር ይህ ጥያቄ አይጠፋም። አንዱ «ጊዜ መግደያ ነው፣ ነጥቄ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት» ይላል። ሌላዋ «ልጄ እኮ ጊታሪስት ሊሆን ነው» ትላለች። እኔን ከጠየቅኸኝ መልሴ ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል ነው። መሸሼ እንዳይመስልህ፤ ቡናህን ይዘህ ስማኝ።

መቼም «ጊታር ሂሮ»ን ሳታውቀው አትቀርም። እ.ኤ.አ. በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው ነው። ጊታሩ ፕላስቲክ ነው፤ አንገቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቁልፎች ተደርድረዋል። ክር ብሎ ነገር የለውም። በክሩ ፋንታ ሆዱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የምታደርገው መምቻ አለ። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጥቦች ወደ አንተ እየተንከባለሉ ይመጣሉ፤ ነጥቡ መስመሩ ላይ ሲደርስ ቀለሙን ይዘህ ትመታለህ። በቃ ይኸው ነው። ዓለምን ያዳረሰ ጨዋታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ገበያው ቀዝቅዞ ስንቱ የፕላስቲክ ጊታር አልጋ ሥር ገባ መሰለህ! የዛሬ ልጆች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ይህን መሰሉን ጨዋታ በ«ፎርትናይት» ጌም በኩል አግኝተዋል።

እነማን ሠሩት አትለኝም? ሃርሞኒክስ የሚባል ኩባንያ ነው። መሥራቾቹ አሌክስ ሪጎፑሎስና ኤራን ኢጎዚ፣ ማሳቹሴትስ ኬምብሪጅ ካለው የኤም.አይ.ቲ. ሚዲያ ላብ ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1995 አቋቋሙት። ኢጎዚ ራሱ ክላርኔት ተጫዋች ነው። የተነሱበት ሐሳብ ልቤን ይነካዋል። መሣሪያ የመጫወትን ደስታ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኛው ሰው ጥቂት ወር ተምሮ፣ ጣቱ አልታዘዝ ሲለው ትቶት ይሄዳል፤ ደስታው ደግሞ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። እንግዲያው ደስታውን አስቀድመን እናቅምሰው አሉ። ልብ በልልኝ፣ እናስተምር አላሉም፤ እናቅምስ ነው ያሉት። ጌሙን ለምን አላስተማርክም ብሎ መውቀስ ያልገባውን ውል መጠየቅ ይሆናል።

የሚዲያ ላብ ነገር ከተነሳ አይቀር ይህችን ልጨምርልህ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ኬምብሪጅ ውስጥ፣ በሃርቫርዱ ራድክሊፍ ተቋም ነበሩ፤ የአገራችንን የሙዚቃ መሣሪያዎች ስለማዘመን ነበር የሚሠሩት። ኤም.አይ.ቲ.ም ጋብዟቸው በዚያው በሚዲያ ላብ ስለ ክራር ንግግር አድርገዋል። አየህልኝ? የፕላስቲኩ ጊታር ጌም ሠሪዎች በወጡበት ቤት ክራራችንም ተነስቶ ነበር። አንደኞቹ መሣሪያውን አቅልለው ሰውን ማስጠጋት ፈለጉ፤ ሙላቱ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ተጨማሪ እንዲችል ፈለጉ። ሁለቱም የፍቅር ሥራ ነው። ወደ ክራሩ በኋላ እመለሳለሁ፣ አስታውሰኝ።

አሁን ወደ ጣት እንምጣ። ያን ባለ አምስት ቁልፍ ጊታር ወራት የተጫወተ ልጅ ምን አተረፈ? ግራ እጁ ሲይዝ ቀኝ እጁ ሲመታ፣ ሁለቱ የተለያየ ሥራ ይዘው በአንድ ቅጽበት መገናኘትን ለመደ። ትንሿ ጣቱም ከስንፍናዋ ነቃች። ይህን ማንም አይንቅም። እውነተኛው ጊታር ግን ስድስት ክር አለው፤ ብረት ሲሆን ደግሞ የጣትን ጫፍ ያቆስላል፣ ቆይቶ ያደድረዋል። ሲ ኮርድን እንያዝ ብንል ሦስት ጣት ሦስት ክር ላይ መቆም አለበት። አንዷ ጣት ጋደል ካለች የጎረቤቷን ክር ታፍናለች፣ ድምፁ ጥፍት ይላል። ሌባ ጣትህን ቀጥ አድርገህ ታቆማለህ፣ ክርንህን ጠጋ ታደርጋለህ፣ አውራ ጣትህ ከአንገቱ ጀርባ ቦታዋን ትፈልጋለች፤ አሁንም አንዱ ክር ይንጣጣል። ይህን ሁሉ ፕላስቲኩ አያውቀውም። ስንት ሺህ ነጥብ የሰበሰበ ልጅ ኮርድ ያዝ ሲባል ነጥቡ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ይሆንበታል።

ታዲያ ከንቱ ነው ማለት ነው? ኧረ በፍጹም! እንዲያውም ጌሙ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ጣት ላይ አይደለም፣ ጆሮ ላይ ነው። ነጥቡን ስትስት ምን እንደሚሆን ልብ ብለህ ታውቃለህ? ዘፈኑ አይቆምም። ድራሙ፣ ቤዙ፣ ድምፃዊው ይቀጥላሉ፤ ከመሃል ጊታሩ ብቻ ድርግም ይላል። ለካ ያ ድምፅ ጊታር ኖሯል! ዘፈኑን ስንት ዓመት የሰማ ሰው ጊታሩ የቱ እንደሆነ የሚለየው ያን ጊዜ ነው፤ ሲጎድል። አብዛኞቻችን ዘፈን ስንሰማ ግጥሙንና ድምፃዊውን ነው የምንሰማው። እስቲ ዛሬ ማታ አንድ የሮሃ ባንድን ሥራ ክፈትና ቤዙን ብቻ ተከተል፣ ሌላውን ሁሉ ተወው። መጀመሪያ ያመልጥሃል፤ ከያዝከው በኋላ ግን ያ ዘፈን ድሮ የምታውቀው አይሆንም። ሙዚቀኛ የሚሰማው እንዲያ ነው። ይህን መስማት ለአንድ ልጅ በጨዋታ መሃል ካስያዘው፣ እኔ ጌሙን አመሰግነዋለሁ።

ቀዳሽልኝ? እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ። አንተም ጠጣ እንጂ፣ እየቀዘቀዘ ነው።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ድራሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 ያው ሃርሞኒክስ «ሮክ ባንድ»ን አወጣ፤ ጊታር፣ ቤዝ፣ ማይክና ድራም ይዞ። ድራሙ አራት የሚመታ ፓድና አንድ የእግር ፔዳል አለው። እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ፕላስቲክ ቁልፍ መጫን ክር መያዝ አይደለም፤ ስቲክ ይዞ ፓድ መምታት ግን ያው መምታት ነው! ጌሙ ከባዱ ደረጃ ላይ ሲደርስ የሚያስመታህ ምት የዘፈኑ ድራመር ከመታው እምብዛም አይርቅም። ቀኝ እጅ ሃይሃቱን እየቆጠረ፣ ግራው ስኔሩን በየተራው እየመታ፣ እግር በራሱ ጊዜ ፔዳሉን እየረገጠ፤ ጀማሪ ድራመርን የሚያስለቅሰው ይህ የእጅና የእግር መለያየት ነው። ጌሙ ላይ ያን ያለፈ ልጅ እውነተኛ ድራም ላይ ቢቀመጥ አንድ ቀላል ምት ይዞ መሄድ አያቅተውም። የሚቀረው ሞልቷል፤ ቀስ ብሎ መምታትና ጠንከር አድርጎ መምታት፣ የሃይሃቱ የግራ እግር ሥራ፣ ስቲኩ ከቆዳው ላይ ሲነጥር መቆጣጠር። መሠረቱ ግን ተጥሏል። ስለዚህ ጎረቤትህ «ልጄ በጌም ድራም ለመደ» ቢልህ እመነው፤ «ጊታር ለመደ» ካለህ ግን ጊታር አቀብለውና ስማው።

ዘፈኑስ? ማይኩ በዋናነት የሚለካው የድምፅህን ከፍታና ዝቅታ ነው። ቃሉን ብትተወው፣ ብታንጎራጉር ብዙም ግድ የለውም። ከቅኝት ወጣ ገባ ለሚል ድምፅ ጥሩ መስተዋት ነው፤ ትንፋሽና ስሜት ግን ከዚያ አይገኝም።

አንድ የምወድለት ነገር ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሁለተኛው «ጊታር ሂሮ» የመለማመጃ ክፍል ነበረው፤ ያስቸገረህን ቦታ ቆርጠህ፣ ፍጥነቱን ቀንሰህ ትደጋግመዋለህ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ የትኛው የሙዚቃ መምህር ነው ይህን ያላስተማረ? የትኛውስ ተማሪ ነው በእሺታ የሰማው? ጌሙ ሲለው ግን ልጁ ሳይጨቀጨቅ አንዷን መስመር ሃያ ጊዜ ይመላለስባታል። ይህን ጸባይ ይዞ ወደ እውነተኛው መሣሪያ የመጣ ልጅ መምህሩን አስደሰተ ማለት ነው።

«እውነተኛውን ጊታር ለምን ጌሙ ላይ አይሰኩትም?» ካልክ፣ ሰክተውታል። «ሮክ ባንድ 3» እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ 25 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ፣ በየክሩና በየፍሬቱ አንዳንድ እየተደረገ 102 ቁልፍ የተደረደረበት ጊታር፣ ቀጥሎም እውነተኛ ክር ያለው ጊታር አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ዩቢሶፍት የተባለ ኩባንያ «ሮክስሚዝ»ን አወጣ፤ ማንኛውንም ኤሌክትሪክ ጊታር በአንድ ገመድ ትሰካለህ፣ ጌሙ የመታኸውን ድምፅ እየሰማ ትክክል ነህ ወይም ስተሃል ይልሃል። ከቻልክ ነጥቦቹን ያበዛቸዋል፣ ካቃተህ ይቀንስልሃል። በቀን አንድ ሰዓት ለ60 ቀን ተጫወትና ራስህን እይ ብለውም አስተዋውቀውታል። እዚህ ጋ «ላም አለኝ» የለም፤ ጣቱም ይቆስላል፣ ክሩም ይንጣጣል፣ ኮርዱም ይያዛል። መምህር በሌለበት ከተማ፣ ወይም የመምህር ክፍያ በማይቻልበት ቤት፣ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ግን ወዳጄ፣ የሚያሳስበኝም እዚሁ ላይ ነው። ዓይን! ጌሙ ሁሉ በዓይን ነው፤ ስክሪኑ በየምቱ እየነገረህ ነው የምትሄደው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሳልሞኒ፣ ሽሚትና ዋልተር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው የእጅ ሥራ ሲለምድ በየሙከራው «ልክ ነህ፣ ስተሃል» መባሉ ምን እንደሚያመጣ ጽፈው ነበር። ነጋሪው አጠገቡ እስካለ ድረስ ሥራው ያምራል፤ ነጋሪው ሲነሳ ግን ብዙው አብሮ ይነሳል። ዳዴ የሚል ሕፃን እጁን ይዘው ሲያራምዱት ቆይተው ድንገት ቢለቁት እንደሚንገዳገድ ነው።

አንድ ወዳጄ ቤት ያየሁትን ልንገርህ። ትንሿ ልጁ ታብሌት ኪቦርዱ ላይ አቁማ፣ ከላይ የሚወርዱትን ባለቀለም ዘንጎች እየተከተለች ትጫወታለች። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ዛሬ በየስልኩ አለ። ጨዋታዋ ያምር ነበር፤ ታብሌቱ ባትሪ ጨርሶ ሲጠፋ ግን እጇ መሃል ላይ ቀጥ አለ። የቱ ቁልፍ ጋ እንደነበረች እንኳ ጠፋት። አባቷ ብልህ ነው፣ «ዜማውን አዚሚልኝ» አላት። አዜመችው! አንድም ሳትስት እስከ መጨረሻው። ጆሮዋ ሁሉንም ያውቀዋል፤ እጇ ግን አንድ ቀን እንኳ ጆሮዋን ጠይቆ አያውቅም። «እንግዲህ የመጀመሪያዋን ድምፅ ፈልጊያት» አላት። አንዱን ቁልፍ ነካች፣ አይደለም። ቀጥሎ ያለውን ነካች፣ አንገቷን ነቀነቀች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ዓይኗ በራ። ከዚያ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን፣ እያዜመች እየፈለገች አራት ድምፅ ያህል አገኘች። ስክሪኑ ከሰጣት ሙሉ ዘፈን ይልቅ በእነዚያ አራቱ ነው እጇን ያጨበጨበችው።

ክራሩን አስታውሰኝ ብዬህ ነበር አይደል? ክራር የሚማር ልጅ ገና ከመምታቱ በፊት ክሮቹን መቃኘት አለበት። ትዝታ ነው ባቲ፣ አንቺሆዬ ነው አምባሰል፣ ክሮቹ በዚያው ቅኝት መቆም አለባቸው፤ የሚፈርደው ጆሮ ነው። ከዚያ ሲገርፍ ቀኝ እጁ ክሮቹን አንድ ላይ ይመታል፣ የግራ ጣቶቹ ደግሞ መሰማት የሌለባቸውን ነካ አድርገው ዝም ያሰኛሉ። ጊታር ላይ ጣት የሚጫነው ድምፅ ለማውጣት ነው፤ ክራር ላይ ድምፅ ለመከልከልም ነው። የቱን ዝም ላሰኝ ብሎ የሚወስን ልጅ ዜማውን በውስጡ ካልሰማው ምኑን ያውቀዋል? ሲማርም ከመምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እየሰማ እየመለሰ ነው። ጌሙ ከጣት ጀምሮ ወደ ጆሮ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ሳይደርስ ይቀራል። ክራሩ ግን በጆሮ ነው የሚጀምረው። ጌም ወዳድ ልጅ ካለህ ክራርም አስይዘው፤ የጎደለውን የሚሞላለት እሱ ነው።

እንግዲህ ልጅህ ጌሙን ከወደደ አትንጠቀው። ጊታር ከሆነ ልቡ የሄደው፣ ፕላስቲኩን ትተህ ያገለገለም ቢሆን እውነተኛ ጊታር ፈልግለትና ጌሙ ላይ ሰካለት። ተጫውቶ ሲያበቃ ያንኑ ዘፈን ስክሪኑን አጥፍቶ አንድ ጊዜ ይድገመው፤ የጠፋውን ቦታ እያዜመ ይፈልገው እንጂ ቶሎ አታብራለት። ስልክህ ላይ ቅዳውና ራሱን ይስማ፤ እየተጫወቱ ያልተሰማ ስህተት ቁጭ ብለው ሲሰሙት ወዲያው ይታወቃል። ድራም እወዳለሁ ካለህ ደግሞ ከበድ ያለ ወጪ ውስጥ ሳትገባ ስቲክና የጎማ መለማመጃ ፓድ ግዛለት፤ ፎቅ ላይ የምትኖር ከሆነም ከታች ያሉት ጎረቤቶችህ ያመሰግኑሃል።