ስንት ወለዳችሁ?

በጥር 2010 ዓ.ም. ባለቤቴ በደብረ ብርሃን ባለትዳሮችን ሦስት ቀን እንዲያስተምር ተጋብዞ አብሬው ሄጄ ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ደርቤም ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ጉባኤው እንዳለቀ አንድ ወንድም ለሥራ ወደ አንኮበር ሲሄድ ይዞን ሄደ። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእግራችሁ ዞር ዞር በሉ» ብሎ ከተማው ላይ አወረደን።

አንኮበርን ለማየት የጓጓሁት እኔ ነበርኩ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስንማር ስለ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ አጥንተናል። ይህ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ከባልደረባው ከኢዘንበርግ ጋር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ገብቶ እስከ 1842 ተቀመጠ፤ ኦሮምኛም ተምሮ ወንጌልን መተርጎም ጀመረ። ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። በልቤ የቀረው ግን ስለ ሚስቱ ያነበብኩት ጥቂት ነገር ነው።

የጥንቱ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ ዳገቱን ተያያዝነው። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ፊት ፊት ይሄዳል። እኔ ከኋላ እያለከለክሁ ሳለ አንዲት እናት ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ ተገናኘን። ከሰላምታው በኋላ፣

«ስንት ወለዳችሁ ልጆቼ?» አሉ።

«ሁለት፣ እማማ» አለ ባለቤቴ።

«ሦስት» አልኩ እኔ።

ሁለታችንንም አየት አደረጉንና «እግዜር ያሳድግላችሁ» ብለው ወረዱ።

ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። የመጀመሪያ ልጃችን በ1999 ዓ.ም. በሰባት ወሯ ተወልዳ በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። ባለቤቴ ለአገልግሎት ሩቅ ከተማ ነበር፤ ሲመለስ ተቀብራ ደረሰ። እሑድ ሰበከ። ሰው ሁሉ «የጌታ ፈቃድ ነው» አለን፤ እኛም አልን፤ ከዚያ በኋላ አንስተናት አናውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ «ባልና ሚስት ይነጋገሩ» ብሎ ያስተማረው ሰው ከፊቴ ዝም ብሎ ሲወጣ ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ።

ከላይ የቀረው የግንብ ፍራሽ ነው። በምሥራቅ በኩል ግን ምድሩ ተደርምሶ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ከታች አልዩ አምባ አለ፤ በዚያን ዘመን ከታጁራ ባሕር ይመጣ የነበረው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን ያራግፍባት የነበረች የሸዋ ወደብ በሏት። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ለባለቤቴ የሮዚናን ታሪክ ነገርኩት።

ክራፕፍ በ1842 ሮዚና ዲትሪክን አግብቶ ወደ ሸዋ ሊመለስ ተነሣ፤ መንገዱ ግን ተዘጋበት። በምፅዋ በኩል ሊገቡ ሲሞክሩ ሮዚና በሾሆ ምድረ በዳ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ክራፕፍ ያጠመቃት «እንባ» ብሎ ነው፤ በእኛው ቋንቋ። በሐምሌ 1844 ሮዚና ራሷ ሞምባሳ ላይ በአራስነቷ በወባ ሞተች፤ ሁለተኛዋ ሕፃንም በቀናት ውስጥ ተከተለቻት። አንኮበርን አላየችም። እነሆ እኔ እርሷ ልትደርስበት የወጣችበት ቦታ ተቀምጫለሁ።

በመዝሙር 56 ዳዊት ስለ እንባው የጸለየውን ስንት ጊዜ ለእህቶች አስተምሬበታለሁ! አንድ አገልጋይ ግን ልጁን እንባ ብሎ ጠርቶ ለዓለም ሁሉ ሲጽፍ፣ እኛ የእኛን ለመጥራት ለምን አፈርን? ይህንኑ ጠየቅሁት።

ብዙ ቆይቶ፣ «ስም አውጥተሽላት ነበር?» አለኝ።

«አዎን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝም።»

ነገርኩት። ስሟን ለእናንተ አልጽፍም፣ ይቅር በሉኝ፤ የሁለታችን ነው። ባለቤቴ ደጋግሞ ጠራት፤ ጋቢዬን ፊቱ ላይ አድርጎም አለቀሰ። በአሥራ አንድ ዓመት መጀመሪያው ነው። አልጸለይንም፤ እንጸልይ ያለም የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ መኪናው ከታች ጡሩምባውን ሲነፋ ገና ከድንጋዩ አልተነሣንም ነበር።