አካፋና ሞተር በበረዶ አገር

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር የሚያደርገው ትግል እንደየአገሩ መልኩን ይለውጣል። በደጋ ላደገ ሰው በረዶ ማለት በክረምት ቆርቆሮ ደብድቦ፣ ቡቃያ አርግፎ፣ ብዙ ሳይቆይ ቀልጦ የሚሄድ ነገር ነው። ቋንቋችንም እንደ ጠጠር ለሚወርደው፣ እንደ ጥጥ ለሚረግፈውና በውሃ ላይ ለሚጋገረው ሁሉ አንዱን ስም ይሰጣል። እኔ በምኖርባት በሚኒያፖሊስ ከተማ ግን በረዶ ደጅ ላይ ለወራት ይከርማል። እ.ኤ.አ. በ1991 ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 3 በወረደው ብቻ ከተማይቱ 72 ሳንቲ ሜትር ያህል በረዶ ለብሳ ነበር። የከተማው ደንብ ደግሞ በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ የቤቱ ባለቤት ከደጁ ያለውን የእግረኛ መንገድ እንዲጠርግ ያዛል። ስለዚህ የሚቀረው ጥያቄ በምን መጥረግ ይሻላል የሚለው ነው፤ በአካፋ ወይስ በሞተር?

ነገሩን በኩንታል ማስላት ይረዳል። የግቢዬ የመኪና መግቢያ 12 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሜትር ስፋት አለው። 20 ሳንቲ ሜትር በረዶ ቢወርድበት 12 ሜትር ኩብ ይሆናል። በረዶው በጥር ብርድ የወረደ፣ ደረቅና ብናኝ ከሆነ ክብደቱ 10 ኩንታል ቢደርስ ነው። በመጋቢት የሚወርደው፣ ውሃ ያዘለው ግን እስከ 30 ኩንታል ይመዝናል። ሁለቱም ለዓይን አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ወገብ ነው።

አካፋን እወዳለሁ፤ ይህንንም ሳላፍር እናገራለሁ። በማለዳ፣ ከተማው ድምፁን ባጠፋበት ሰዓት፣ ብናኙን በረዶ ገፋ እያደረጉ መሄድ ከሥራ ይልቅ ለጸሎት የቀረበ ነው። ነዳጅ አይጠይቅም፤ ጎረቤት አይቀሰቅስም፤ ሲሰበርም ሌላ ይገዛል። ደግሞም በእጅ መሥራትን እንደ ክብር ቆጥረን ላደግን ሰዎች፣ አካፋን አስቀምጦ ከሞተር ኋላ መሄድ እርጅናን በአደባባይ እንደ መቀበል ይሰማል።

ይሁን እንጂ በእድራችን ካጽናናናቸው ቤተሰቦች አንዱ አባወራውን ያጣው በረዶ ሲጠርግ ነው። ሰውየው በሽተኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ አንድ የሕክምና ጥናት፣ ጤነኞች ነገር ግን የአካል ልምምድ የሌላቸው 10 ወንዶች ከባድ በረዶ በአካፋና በኤሌክትሪክ መሣሪያ እንዲጠርጉ ተደርጎ ነበር። በአካፋው የልባቸው ምት በአማካይ በደቂቃ 175 ሲደርስ፣ በመሣሪያው 124 ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብርዱ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ክንድ ከእግር ይልቅ ልብን ያደክማል፣ ሰውም ሸክም ሲያነሳ ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። ይህን ያነበብሁት ሐኪሜ የደም ግፊቴን ለክቶ ዝም ባለበት ሰሞን ነው። ባለቤቴም በዚያው ሳምንት፣ «እኔ አካፋህን አልቀናበትም፤ ግን በአካፋህ አልቅሼ አልቀብርህም» አለችኝ።

ሞተሩም ቢሆን ያለ እንከን አይደለም። ካናዳዊው አርተር ሲካር እ.ኤ.አ. በ1925 የሠራው በረዶ ወርዋሪ ለጎዳና የታሰበ ነበር፤ የዛሬው የቤት መሣሪያ የእርሱ ታናሽ ነው። ከፊቱ ያለው ጠመዝማዛ ብረት በረዶውን ሰብስቦ ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ ከኋላው የሚሽከረከረው ደግሞ በጉሮሮው አስወጥቶ ወዲያ ይወረውረዋል። እርጥብ በረዶ ይህን ጉሮሮ ይዘጋዋል። ብዙ ሰው ጣቱን የሚያጣው ያን ጊዜ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ታፍኖ የቆየው ብረት ዕንቅፋቱ ሲነሣለት ሊዞር ይችላልና፣ በእንጨት እንጂ በእጅ አይነካም። ባለ ነዳጁን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሣት በጭሱ ይገድላል። ባለ ባትሪው ጸጥተኛ ነው፤ ነገር ግን ብርድ ሲበረታ ጉልበቱ ቶሎ ያልቃል። ዋጋውም ለአንድ ቤት ይከብዳል፤ ዓመቱን ሙሉ ቦታ ይዞ የሚሠራው ጥቂት ቀን ነው።

በመሆኑም በሰፈራችን ያለን አራት ቤተሰቦች እንደ እቁብ አዋጥተን አንድ ገዛን። የተስማማነው በወንፈል ደንብ ነው፤ ከባድ በረዶ ሲወርድ ከመካከላችን ወጣት የሆነው ከላይኛው ቤት ጀምሮ እስከ እኔ ደጅ ይጠርጋል፣ እኛም ነዳጁንና ጥገናውን እንችላለን። የከተማው መኪና ጎዳናውን ሲያጸዳ በየመግቢያው አፍ ላይ ገፍቶ የሚተወው፣ እንደ ካብ የጠጠረው ክምር የእርሱ ድርሻ ነው። አንድ ቀን አካፋ ይዤ ወደዚያ ስጠጋ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይተዉት፤ እኔ እደርስበታለሁ» ብሎ ጮኸ። ተውሁት።

ደረቁና ከአራት ጣት ያልበለጠው ግን አሁንም የእኔ ነው። የበሩ ደረጃም እንዲሁ፤ ሞተር ደረጃ አይወጣም።